ሳሩ ውስጥ ሳይገቡ ወፍ ማየት፦ ከሱሉልታ ጨፌ እስከ ሱባ ደን ያየሁት

ናይት ዱቲ ወጥቼ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ልይዝ ስሄድ ሁሌ ከላዬ እየጮሁ የሚያልፉ ወፎች ነበሩ፣ ትልልቅ፣ ጠቆር ያሉ፣ ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ድምፃቸው ደሞ ሰፈሩን በሙሉ የሚቀሰቅስ። ስድስት አመት ሙሉ ሰምቻቸዋለሁ፣ አንድ ቀን ቀና ብዬ ምንድናቸው ብዬ አልጠየቅኩም። ከዛ ዋርዳችን ተኝተው የነበሩ ጋሼ የምንላቸው አንድ አባት፣ ድሮ ደን ላይ ሲሰሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ መድሃኒት ልሰጣቸው ስገባ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝና ወደ መስኮቱ እያዩ "ሰማሻት ልጄ? ጋጋኖ ናት። እቺ እኮ ከኛና ከኤርትራ ውጪ የትም አገር የለችም" አሉኝ። እኔ የማውቀው ዋሊያንና ቀይ ቀበሮን ነው፣ የሌላ አገር ሰው አይሮፕላን ተሳፍሮ ሊያያት የሚመጣ ወፍ በየቀኑ አናቴ ላይ እየጮኸች እንደምታልፍ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ይሄ ከሆነ አራት አመት አለፈው። ከዛ ወዲህ ኦፍ በሆንኩ ቁጥር ወፍ ለማየት እወጣለሁ፣ መኪና የለኝም፣ ባዮሎጂ አልተማርኩም፣ ብዙ ብርም አላወጣሁበትም። ብዙ ሰው ከየት ልጀምር ምን ልያዝ ብሎ ስለሚጠይቀኝ ያየሁትንም ያጠፋሁትንም አንድ ላይ ልፃፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ከሰፈራችሁ ጀምሩ። አዲስ አበባ ያላችሁ ሰዎች ጋጋኖን ለማየት የትም መሄድ አያስፈልጋችሁም፣ ሰፊ ሳር ያለበት ግቢ ወይ የኳስ ሜዳ ጠዋት ላይ ሂዱ፣ አምስት ስድስት ሆነው ምንቃራቸውን መሬት ውስጥ እየወጉ ትል ሲለቅሙ ታገኟቸዋላችሁ። አንገቷ ስር ትንሽ የተንጠለጠለች ስጋ አለቻት፣ ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ ይታያል። ቤተክርስቲያን ጣራ ላይ የምናያት አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት እርግብ፣ ምንቃሩ የሚያስፈራ ወፍራም ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ቁራ፣ ግቢ ውስጥ ዛፍ ላይ እየተንጫጩ የሚመጡት አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖች (ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው)፣ እነዚህ ሁሉ የኛው አካባቢ ወፎች ናቸው፣ ሌላ ቦታ አይገኙም። እነሱን በደንብ ሳታውቁ ሩቅ ብትሄዱ ሁሉም ወፍ አንድ ይሆንባችኋል፣ እኔ ደርሶብኛል።

እቃ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ባይናኩላር ከገዛችሁ 8 በ42 የሚለው ይበቃል፣ 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ደሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ ከዛ በላይ የሚያቀርበው እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ለጀማሪ ያስቸግራል። ስልክ ላይ ሜርሊን የሚባለውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አፕ ጫኑ፣ ነፃ ነው፣ የኢትዮጵያን የወፍ ዝርዝር ዋይፋይ ባለበት ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ኔትወርክ በሌለበትም ይሰራል። ክረምት ከሆነ ቦቲ። ቆሎና ውሃ። መታወቂያ ደሞ በፍፁም እንዳትረሱ ምክንያቱም ባይናኩላር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ጥያቄ ይበዛበታል፣ እኔን አንድ ግድብ አጠገብ ሁለት ሰዓት አስቁመውኛል። አሁን ቦታ ስደርስ መጀመሪያ ጥበቃ ካለ ጥበቃውን፣ ከሌለ ደሞ እዛ ከብት የሚጠብቁትን ሰዎች ሰላም ብዬ ምን ላደርግ እንደመጣሁ ተናግሬ ነው የምገባው። ሱሉልታም በርጋም "አካም ቡልተን" ብላችሁ ከጀመራችሁ ወፎቹ የት እንዳሉ ራሳቸው ያሳዩዋችኋል። ብቻችሁን ባትሄዱ ይሻላል፣ በተለይ ሴቶች፣ መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዛው ሳምንት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

አሁን ወደ ሱሉልታ። ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ እንጦጦን ተሻግራችሁ የምታገኙት ሜዳ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ተኝቶበት ጨፌ ይሆናል፣ መስከረም ላይ በአደይ ይሞላል፣ ከዛ ሳሩ ታጭዶ ድርቆሽ ይከመራል። ቤትና ፋብሪካ ከአመት አመት እየበላው ነው፣ እኔ በጀመርኩበት አመት የቆምኩበት አንድ ቦታ ዛሬ አጥር ገብቶበታል። ቢሆንም እስካሁን ብዙ ነገር አለ።

እዚህ ነው ያጠፋሁት። ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ ገና ማቆሙ ነው፣ ቦዩ ዳር ካለው ረጅም ሳር ውስጥ አንዲት የውሃ ዶሮ ብቅ አለች፣ ቡናማ ሆና ሆዷ ቀላ ያለ፣ ጅራቷን በየእርምጃው ሽቅብ ታነሳለች ስታነሳው ከስር ነጩ ብልጭ ይላል። እንግሊዞቹ ሩዤትስ ሬይል ይሏታል፣ እሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ናት። ከኋላዋ ደሞ ጥላሸት የመሰሉ ጫጩቶች፣ ሶስት ይሁኑ አራት። ስልኬን አወጣሁና ፎቶ ላነሳ ሳሩን እየረገጥኩ ገባሁ፣ እሷ ጮኸች፣ ጫጩቶቹ ተበታተኑ፣ እኔ ደሞ ትንሽ ብቻ ልጠጋ እያልኩ ወደ ውስጥ ሄድኩ። ከብት የሚጠብቅ አስራ ሁለት አመት የሚሆነው ልጅ ከወዲያ ማዶ "እትዬ ውጪ! ውጪ!" እያለ እየሮጠ መጣ። ተቆጥቶ ነበር። ስወጣ በዱላው የመጣሁበትን አሳየኝ፣ ሳሩ እግሬ ባረፈበት ሁሉ ተኝቶ ቀጥ ያለ መንገድ ሰርቻለሁ ከዳር ጀምሮ እስከ ጫጩቶቹ። "ውሻ በዚህ ይገባል" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እዛ አካባቢ ባለቤት የሌለው ውሻ ብዙ ነው፣ ጭልፊቱም ከላይ ያያል፣ እኔ ለአንድ ብዥ ላለ ፎቶ ብዬ የተደበቀችበትን ቤት በር ከፍቼ ሄድኩ ማለት ነው። ያ ቀጥ ያለ መስመር እስካሁን አይኔ ላይ አለ።

ልጁ ግን ጥሎኝ አልሄደም። ቦዩ መንገዱን የሚያቋርጥበት ቱቦ አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝና እሱም ጎኔ ቁጭ አለ፣ አትነቃነቂ ብሎ በእጁ አሳየኝ። ሃያ ደቂቃ አካባቢ ምንም የለም፣ ከዛ በኋላ አንድ ሌላ የውሃ ዶሮ ከቱቦው ስር ወጥታ አራት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ጭቃውን እየጫረች ስትበላ ቆየች፣ ጣቶቿን አይቻለሁ፣ ምንቃሯ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ትል አይቻለሁ። ከዛ ቀን በኋላ እንዴት ወፍ ይታያል ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፣ ሳሩ ውስጥ አትግቡ፣ ዳሩ ላይ ቁጭ በሉና ጠብቁ። በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም። ሜዳና ጨፌ ላይ የሚኖሩት ወፎች ብዙዎቹ ጎጇቸውን መሬት ላይ ወይ እዛው ሳሩ መሀል ስለሚሰሩ እናንተ ሳታዩት እንቁላል ትረግጣላችሁ።

ዳር ተቀምጣችሁ ሱሉልታ ላይ ምን ይታያል ካላችሁ፣ ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ አለ፣ ሰፈር ካለው ዝይ ያነሰ ግራጫ ነው፣ መለያው ምን መሰላችሁ፣ እየተራመደ እንኳን አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጭንቅላቱን ጀርባው ላይ ያስተኛል፣ አንዴ ካያችሁት ከሌላ አታምታቱትም። ደረቷ ነጠብጣብ የሆነች እግረ ረጅም ወፍ አለች፣ በቡድን ሆነው ሲነሱ ሜዳው ሁሉ ጩኸት ነው። ከጥቅምት በኋላ ከአውሮፓ የሚመጡት ቢጫ ሆዶች ከብቱ እግር ስር እየተሯሯጡ ዝንብ ይለቅማሉ።

የኔ የሳር ሜዳ ወፍ ግን ሎንግክሎው የምትባለዋ ናት፣ ረጅም ጥፍር ማለት ነው፣ የኋላ ጥፍሯ ከእግሯ ጋር ስታዩት በጣም ረጅም ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለችም። ከኋላዋ ካያችኋት የአፈር ጓል ናት፣ ቡናማ ዝንጉርጉር፣ ከሳሩ አትለዩዋትም፣ አጠገቧ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። ከዛ ዞር ስትል ጉሮሮዋ እንደ እርድ ቢጫ፣ ዙሪያውን ደሞ በጥቁር ሀብል የታሰረ። አንድ ጠዋት የሳር ጉብታ ላይ ቆማ ፀሐዩ ፊት ለፊቷ ነበረ፣ ሶስት አራት ጊዜ ደጋግማ ስትዘምር ጉሮሮዋ ላይ ያለው ላባ ሲንቀሳቀስ በባይናኩላር ይታየኝ ነበር። እቺ ወፍ ሜዳው ከታረሰ ወይ ሳሩ እስከ ስሩ ከተጋጠ ትጠፋለች፣ መደበቂያዋም ምግቧም ቤቷም ሳሩ ነዋ።

ይሄን ስል ሊበን ሜዳ ያለችው ትንሽ ወፍ ትዝ ትለኛለች፣ ነገሌ ቦረና አጠገብ ማለት ነው። ሊበን ላርክ ይሏታል፣ ሳይንስ ያወቃት በ1968 ነው (በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከዚህ በታች ያሉት አመቶችም እንደዛው ናቸው) አሁን ደሞ አለም ላይ ለመጥፋት በጣም ከቀረቡት ወፎች አንዷ ናት። ሜዳው ገሚሱ ታረሰ፣ ገሚሱ ቁጥቋጦ ወረረው፣ የቀረው ደሞ ከመጠን በላይ ተጋጠ። ደስ የሚለው ቦረናዎች ካሎ የሚሉት የቆየ ስርአት አላቸው፣ አንድን ቦታ አጥረው ሳሩ እንዲያድግ ይተዉትና በበጋ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ያውሉታል፣ ወፏን ለማትረፍ የተያዘውም መንገድ ይሄው ነው፣ ከህዝቡ ጋር ሆኖ ሜዳው ላይ ካሎ ማጠር። ከብቱም ይጠቀማል ወፏም ሳር ታገኛለች። ሳሩ የማን ነው የሚለው ክርክር ሳይነሳ ሁለቱም ሲኖሩበት ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

በርጋ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምእራብ በሆለታ በኩል የሚኬድበት ጨፌ ነው፣ የሚታወቀውም በአንዲት 14 ሴንቲሜትር አካባቢ በምትሆን ወፍ ነው፣ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል። አለም ላይ መኖሯ በደንብ የሚታወቀው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ሲሆን በሁለቱም አገር ያሉት አዋቂ ወፎች ሲገመቱ ከ250 አይበልጡም። ክረምት ላይ ውሃ በተኛበት ሳር ውስጥ ትፈለፍላለች፣ ሳሩ ውስጥ እንደ አይጥ እየተሹለከለከች ስለምትሄድ ወፍ የሚያጠኑት ሰዎች እንኳን ብዙ ጊዜ የሚያዩዋት ከእግራቸው ስር ተነስታ ስትበር ለሰከንድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንደምትፈለፍል የተረጋገጠው ራሱ በ2018 ሳር ውስጥ በተተከለ ካሜራ ነው። ሰው በርጋ ሄደሽ አየሻት ወይ ይለኛል። አላየኋትም፣ ለማየትም አልሞከርኩም፣ እናንተም እባካችሁ አትሞክሩ። ለማየት የግድ ሳሩን መርገጥ አለባችሁ፣ እንዲህ ጥቂት በቀሩ ወፎች ላይ ደሞ አንድ ጎጆ መርገጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ነዋሪ ጋር አመታት ሰርቶበታል፣ ዋናው ነገር ወፎቹ ፈልፍለው እስኪጨርሱ ከብት ወደ ጨፌው እንዳይገባ ማቆየት ነው። አስቡት፣ ሳሩ አይኑ እያየ ከብቱን ሌላ ቦታ የሚያውል ገበሬ ለዛች ወፍ የሚከፍለውን። እኔ በርጋ ስሄድ ከዳር ቆሜ ዝዮቹንና ሎንግክሎዋን አይቼ እመለሳለሁ፣ እሷ እዛ ውስጥ እንዳለች ማወቁ ይበቃኛል።

ጣና በኩል የሄድኩት ከጥቂት አመት በፊት ባህር ዳር አክስቴን ልጠይቅ ስሄድ ነው፣ ጥር ላይ፣ ፎገራ ሜዳ። እዛ ክሬን ነው የሚታየው፣ እግሩም አንገቱም ረጅም የሆነ ትልቅ ወፍ ማለት ነው። ከፊንላንድና ከራሺያ ድረስ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ግራጫ ክሬኖች፣ ቀን የታጨደ ማሳ ላይ ሲለቅሙ ይውሉና ሲመሽ ውሃ ዳር ለማደር መስመር ሰርተው ይመጣሉ፣ በሺዎች፣ ድምፃቸው ገና ሳይታዩ ይሰማል። ከነሱ ጋር ዘውድ ያላቸው ጥቋቁሮቹ አሉ፣ የኛው ነዋሪዎች፣ አናታቸው ላይ ያለው ወርቃማ ዘውድ ፀሐይ ሲመታው አበባ ይመስላል። ሌሎቹ ክሬኖች መሬት ላይ ወይ ውሃ ውስጥ ቆመው ነው የሚያድሩት፣ ዘውድ ያላቸው ግን ዛፍ ላይ ማደር ይችላሉ የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። ክሬን ለማየት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፣ ቀን ሳይሆን ማምሻውን 11 ሰዓት ላይ ማደሪያቸው አካባቢ ርቃችሁ ቁሙ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። ሶሪያ ውስጥ ፓልሚራ በረሃ ላይ በ2002 ጠፉ የተባሉ ራሰ በራ አይቢሶች ተገኙ፣ ሰባት ብቻ፣ የጋጋኖ ዘመድ ናቸው። የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው የት እንደሚሄዱ የሚያውቅ አልነበረም። በ2006 ጀርባቸው ላይ በሳተላይት የሚከታተሉበት መሳሪያ ሲታሰርላቸው በሳዑዲና በየመን አድርገው የመጡት ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሆነ። እኛ በየቀኑ በምናልፍበት ሜዳ ላይ አለም የሚፈልጋቸው ወፎች ከበግ ጋር ቆመው ሳር ሲጭሩ ነበር። ዛሬ እነዛ ወፎች የሉም ማለት ይቻላል። ከዛ ወዲህ ሜዳ ላይ የማላውቀው ወፍ ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም፣ ቀኑን ቦታውን ብዛቱን እፅፋለሁ ኢበርድ (ሰው ያየውን ወፍ የሚመዘግብበት ድረገፅ) ላይም አስገባለሁ፣ እናንተም ልመዱት።

ደን ውስጥ ደሞ ነገሩ በሙሉ ይለወጣል። ሜዳ ላይ አይን ነው የሚሰራው፣ ደን ውስጥ ጆሮ። መጀመሪያ ሱባ የገባሁ ቀን ሶስት ሰዓት ተንከራትቼ ያየሁት ሁለት ወፍ ነው፣ ድምፅ ግን በየአቅጣጫው ነበር። ሱባ ማለት ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ደን ነው፣ በሰበታ በኩል መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወፍ ዋሻ ከሚባለው ደን ዘር መጥቶ ተተከለ ይባላል። ከጥዱና ከዝግባው የሶስት ሰው እቅፍ የማይበቃው አለ። ሁለተኛ ቀን የደን ጠባቂው አብሮኝ ሆነና መራመዴን አስቆመኝ፣ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ቁጭ በይ አለኝ፣ አይንሽን ጨፍኚ፣ ስንት አይነት ድምፅ አለ ቁጠሪ። ሰባት ቆጠርኩ። ከዛ አንድ በአንድ እየለየ ነገረኝ።

አንዱ ካትበርድ የሚሏት ናት፣ ግራጫ፣ ጅራቷ ስር እንደ ሸክላ ቀይ፣ ለአይን ብዙም አትስብም። ድምፁን ስትሰሙት ግን ወንዱ ይዘምራል ሴቷ ከስር ትቀበለዋለች፣ እኛ ማህሌት ላይ እንደምንሰማው መሪና ተቀባይ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ቱራኮ ነው፣ አረንጓዴ፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ እየሮጠ የሚሄድ፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ያለው። ተቀምጦ ሳለ ከቅጠል አይለይም፣ ሲበር ግን ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ይከፈታል፣ ቀዩ የብርሃን ነገር ሳይሆን እውነተኛ ቀለም ነው ውስጡ መዳብ አለበት። ፍሬ በሊታ ስለሆነ ፍሬ ያፈራ ዛፍ ካገኛችሁ እዛው ቁጭ በሉ፣ እሱ ይመጣል።

የጎጆ ወቅት ላይ ስልካችሁ ላይ ያለውን የወፍ ድምፅ ከፍታችሁ አትጥሯቸው። ይመጣሉ፣ አዎ፣ የሚመጡት ግን ሌላ ወፍ ቦታዬን ሊወስድብኝ ነው ብለው ተጨንቀው ነው፣ እንቁላሉን ጥለው። በጆሮ ማዳመጫ ቤታችሁ አጥኑት።

ያረጀ ደን ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ወንዶ ገነት ላይ ነው። እዛ ያለው ትልቁ ቀንዳም ምንቃር ወፍ ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል ዛፍ ውስጥ ባለ ቀዳዳ ትገባና በሩ በጭቃ ይመረግባታል፣ ምንቃር ብቻ የሚያሳልፍ ስንጥቅ ይቀራል፣ ባልየው ሳምንታት ሙሉ በዛች ስንጥቅ ያበላታል። እንዲህ አይነት ቀዳዳ የሚኖረው ዛፉ አርጅቶ ሲወፍርና መሀሉ ሲበሰብስ ነው። አስር አመት ያልሞላው ባሕር ዛፍ ላይ የት ይገኛል? ሱባም ላይ ግንደ ቆርቁሩ ይቦረቡራል፣ እሱ የተወውን ሌላው ይገባበታል፣ በቀቀኖቹም የሚፈለፍሉት ቀዳዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ግቢያችሁ ውስጥ ወይ ቤተክርስቲያናችሁ ቅጥር ውስጥ የደረቀ ትልቅ ጥድ ካለ፣ ሰው ላይ የማይወድቅ ከሆነ፣ ለማገዶ ይቆረጥ ሲባል አንድ ቃል ተናገሩ። እኛ ሰፈር አጥቢያ ላይ ለሰበካ ጉባኤው ነግሬ አንድ ዛፍ ተትቷል።

ሱባ ከሄዳችሁ ጠባቂው እኔን ያስቀመጠኝ ቦታ ከመግቢያው ሽቅብ ሲወጣ ያለች የደረቀች ጥድ ፊት ለፊት ነው፣ አናቷ ተሰብሯል፣ መሀሏ ላይ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፣ ከሀያ ሜትር አትቅረቡ። ባለፈው ጥቅምት እዛ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ጉም ነበረ፣ እጄ በብርድ ደንዝዟል። መጀመሪያ ቢጫ ግንባር ብቻ ታየኝ ቀዳዳው አፍ ላይ፣ ወደ ግራ አየች ወደ ቀኝ አየች፣ ረጅም ጊዜ። ከዛ ግንባረ ቢጫዋ በቀቀን (ሰፈር ካሉት ትንንሾቹ ሌላ አይነት ናት) ወጥታ የተሰበረው አናት ላይ ተቀመጠችና ላባዋን ማበጠር ጀመረች፣ ቆይታ ሁለተኛዋ ወጣች፣ አብረው እየጮሁ ወደ ታች ወደ ኮሶዎቹ በረሩ።